ሮቦት ሞቶ ቤተሰብ የሚያዝንበትን ፊልም በሰው ወሬ ከመምረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«አፍተር ያንግ» ስለሚባለው ፊልም ሦስት ሰው ቢጠይቁ ሦስት ነገር ይሰማሉ። አንዷ «አልቅሼ ዓይኔ አብጦ ነው ያደርኩት» ትላለች። ሌላው «ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል። ሦስተኛው «የሮቦት ፊልም ብለውኝ አንድ ጥይት እንኳ አልተተኮሰበትም» ብሎ ገንዘቡን እንደተበላ ሰው ያማርራል። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም የየራሱን ማታ ነው የነገረዎት።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ይኑሩ ወይም ሳሪስ፣ ለቡ ይሁን ሃና ማርያም፣ እንዲህ ያለው ፊልም እጅዎ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በፍላሽ፣ በቴሌግራም ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሃርድ ዲስክ ነው። የሚጭንልዎ ልጅ ፊልሙን አይቶታል ብለው አያስቡ። ያየውም ቢሆን «ይከብዳል፣ ለዛሬ ይቅርብዎ» ብሎ ደንበኛ አይመልስም። እንግዲህ መጠየቁ የእርስዎ ሥራ ነው።

• ነገሩ ምንድን ነው? ከወሬው በፊት ይህን ይያዙ።
ዳይሬክተሩ ኮጎናዳ ሴኡል ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። ፊልሙ የተነሣው ከአሌክሳንደር ዋይንስታይን አጭር ልብወለድ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2021 በካን ፌስቲቫል ታይቶ በ2022 ለሕዝብ ቀረበ። 96 ደቂቃ ይረዝማል። ኮሊን ፋረል ጄክ የሚባል የሻይ ቅጠል ነጋዴ ነው፤ ጆዲ ተርነር-ስሚዝ ሚስቱ ካይራ ናት። ሚካ የምትባል ልጅ ከቻይና በማደጎ አምጥተዋል። ያንግ ደግሞ ለሚካ ታላቅ ወንድም እንዲሆናት፣ የተወለደችበትንም ሀገር ባህል እንዲያስተምራት የተገዛ ሰው መሳይ ሮቦት ነው። አንድ ቀን ቀጥ ይላል፤ አይነሣም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠገናል አይጠገንም የሚለው ጭንቀትና የቤቱ ዝምታ ነው።
ይጠንቀቁ፦ መጀመሪያው ላይ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩበት ደማቅ ውድድር አለ። ቅንጭቡን ቲክቶክ ላይ ያየ ሰው ፊልሙ እንዲያ የሚቀጥል ይመስለዋል። አይቀጥልም።

• ወሬውን ያመጣው ሰው ማን ነው?
እዚህ ላይ ትንሽ ይቆዩ፤ የሚያሳስተው ከሁሉ በላይ ይህ ነውና። «አሪፍ ነው» ወይም «አይረባም» ያለዎትን ሰው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት። ጨርሰኸዋል? ከማን ጋር ሆነህ አየኸው? ቅርብ ጊዜ ሰው ሞቶብሃል?
የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ግማሹን አስተያየት ያጠራል። በ20ኛው ደቂቃ ዘግቶት የሚፈርድ ሰው ብዙ ነው፤ የፊልሙ ጉልበት ደግሞ ያለው ጄክ የያንግን ትዝታ ማየት ከጀመረ ወዲህ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ያን ያህል ቀላል አይምሰልዎ። ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ይዞ ያየው ሰውና ሌሊት ለብቻዋ በጆሮ ማዳመጫ ያየችው ሴት አንድ ፊልም አላዩም። ሦስተኛውን በዘዴ ይጠይቁ እንጂ አይተዉት። እናቱን የቀበረ ሰው አንድ የተዘጋ በር አይቶ ያለቅሳል፤ ሐዘን ያልነካው ወጣት በዚያው በር ላይ ያዛጋል። የሁለቱም አስተያየት ትክክል ነው፤ ለእርስዎ የሚሠራው ግን ኑሮው ከእርስዎ ኑሮ ጋር የሚቀራረበው ሰው አስተያየት ነው።
ይጠንቀቁ፦ «ተቺዎች ወደውታል» የሚለውን እንደ ዋስትና አይቁጠሩት። እውነት ነው፣ ተቺዎች በብዛት አመስግነውታል። ተቺ ግን በቀን ብዙ ፊልም የሚያይ፣ ጸጥታ የናፈቀው ሰው ነው። እርስዎ ከሥራ ደክመው ነው የሚቀመጡት።

• የትኛው ቅጂ ነው? በሙያው ቋንቋ «ትርጉም» ነው ወይስ ኦሪጅናል?
የፊልም መጫኛ ሱቅ ገብተው ኮምፒውተሩን ይመልከቱ፤ ቢጫ ፎልደሮች ተደርድረዋል፦ «አክሽን»፣ «ሆረር»፣ «ህንድ»፣ «ኮሪያ»፣ «ትርጉም»። ሮቦት ያለበት ሁሉ ከ«ተርሚኔተር» ጎን ይወረወራል። «አፍተር ያንግ»ም እዚያው ከተገኘ፣ ወስዶት የሚያማርረው ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ፎልደሩ ነው ያታለለው።
አንድ ተራኪ ከላይ ሆኖ የሚያወራበት ትርጉም የድብድብና የሩጫ ፊልምን ብዙም አይጎዳም፤ እንዲያውም ተራኪው ተረበኛ ከሆነ ያደምቀዋል። በዚህ ፊልም ላይ ግን ጉዳት አለው። ጄክና ያንግ ሻይ ይዘው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ረጅም ትዕይንት አለ። አንዱ ሻይን ለምን እንደወደደ ሊያስረዳ ይሞክራል፣ ቃል ያጥረዋል፤ ሌላው ሻይን የሚያውቀው በመረጃ ብቻ ነውና ስለ ሻይ የራሱ እውነተኛ ትዝታ ቢኖረው ይመኛል። ያ ትዕይንት በቃላቱ መካከል ባለው ዝምታ ነው የሚሠራው። ተራኪ ደግሞ ዝምታ አይወድም፤ ይሞላዋል። ስለዚህ «ወሬ ብቻ ነው» ብሎ የነገረዎት ሰው ያየው ትርጉሙን ከሆነ የፈረደው በተራኪው ላይ ነው።
ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ልጁ ፋይሉን መሐል ላይ ከፍቶ አምስት ደቂቃ ያሳይዎ። ድምፁ ከከንፈር ጋር ይሄዳል? የግርጌ ጽሑፍ አለው? በየትኛው ቋንቋ? የእንግሊዝኛ ፊልም በሌላ ሀገር ቋንቋ ተሸፍኖ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ይህንንም ሳይጠየቅ የሚነግርዎት የለም።
ይጠንቀቁ፦ ሰዎቹ ያለፈውን ሲያስታውሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ፣ በትንሽ ልዩነት ይሰማል፤ ምስሉም ይደገማል። የሥዕሉ ስፋትም አንዳንዴ ይቀያየራል። ቅጂው የተበላሸ መስሎት ፍላሹን ወደ ሱቅ የሚመልስ ሰው ይኖራል። አልተበላሸም። ሰው ሲያስታውስ እንደዚያ ነው ብሎ ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ያደረገው ነው።

• «ቀርፋፋ ነው» ሲሉዎት ምን ማለታቸው ነው?
ቀርፋፋ ነው፤ አልሸነግልዎትም። ኮጎናዳ ወደ ፊልም ሥራ የገባው የታላላቅ ዳይሬክተሮችን ሥራ በአጫጭር ቪዲዮ እየተነተነ ነው፤ የብዕር ስሙን እንኳ ያወጣው የጃፓናዊው ዳይሬክተር የያሱጂሮ ኦዙ የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊ ከነበረው ከኮጎ ኖዳ ነው። ካሜራው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት የሠራው «ኮለምበስ» (እ.ኤ.አ. 2017) እንዲሁ ነው፤ እሱን አይተው ከወደዱት ይህንንም አይፈሩት።
የሚጠይቁት ጥያቄ የት አየኸው የሚለው ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ በታክሲ እየሄደ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ በስልክ ያየ ሰው «ቀርፋፋ» ቢል ምን ይደንቃል? ይህ ፊልም ቴሌቪዥን፣ የተዘጋ በርና ልጆች የተኙበት ሰዓት ይፈልጋል። እነዚህን የማያገኙበት ቀን ከሆነ ሌላ ፊልም ይክፈቱ።

• የጥገናውን ታሪክ ለምን ማንም አይነግርዎትም?
ስለ ፊልሙ የሚያወሩ ሰዎች ስለ ሐዘኑ ብዙ ይላሉ። እኔን የገረመኝ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የዕቃ ገዢ ታሪክ መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኛ ሰፈር ሰው የበለጠ የሚረዳው የለም።
ያንግ አዲስ አልነበረም፤ ያገለገለ ነው። የገዙበት «ሴከንድ ሲብሊንግስ» የሚባለው ሱቅ ተዘግቷል። ስለዚህ ዋስትና የሚጠየቅበት በር የለም። ጄክ ጎረቤቱ በጠቆመው፣ የኩባንያው ፈቃድ በሌለው ጠጋኝ እጅ ይወድቃል። ጠጋኙ ሊከፈት የማይገባውን የውስጥ ክፍል ይከፍትና «ይህ እናንተን የሚሰልል ነገር ነው» ብሎ ያስደነግጠዋል። ቆይቶ የሙዚየም ባለሙያ የሆነች ሴት ነገሩ ሌላ መሆኑን ታስረዳዋለች፦ ያንግ በየቀኑ የመረጣትን ጥቂት ሴኮንድ የሚያስቀምጥበት የትዝታ ቋት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ጊዜው እየሄደ ነው፤ ቶሎ ካልተጠገነ አካሉ መበስበስ ይጀምራል።
ያገለገለ ፍሪጅ ገዝቶ፣ ሻጩ ስልኩን ሲያጠፋበት ከአንዱ ጠጋኝ ወደ ሌላው በጋሪ ያስገፋ ሰው ይህ ክፍል በአንድ ጊዜ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ዕቃው ለልጅዎ መዝሙር ያስተማረ ወንድም መሆኑ ነው። የጄክ ፊት ላይ የሚያዩት መጀመሪያ ሐዘን አይደለም፤ ወጪ የሚያሰላ ሰው ብስጭት ነው። ሐዘኑ የሚመጣው በኋላ፣ ሳይታሰብ ነው። «አባትየው ጨካኝ ነው» የሚሉ ተመልካቾች ይህን ማስተዋል አልቻሉም ባይ ነኝ።
ይጠንቀቁ፦ ያንግ ያገለገለ መሆኑን ቤተሰቡ ቢያውቅም፣ ከእነሱ በፊት የኖረውን ሕይወት በሙሉ አያውቅም። ከዚያ የሚገኘውን የሚነግርዎት ሰው ካለ ጆሮዎን ይዝጉ፤ የፊልሙ ግማሽ ጣዕም እዚያ ነው።

• በቤትዎ የማደጎ ጉዳይ አለ?
ይህን ከሻጩም ከአመስጋኙም የሚሰሙት አይመስለኝም። ሚካ የተወለደችበትን ሀገር የማታውቅ ሕፃን ናት። አባቷ ነጭ፣ እናቷ ጥቁር ናቸው፤ እሷ ቻይናዊት ናት። ትምህርት ቤት «እውነተኛ ወላጆችሽ አይደሉም» ይሏታል። ያንግ ዛፍ ወደሚዳቀልበት የፍራፍሬ ቦታ ወስዶ ከሌላ ዛፍ የመጣ ቅርንጫፍ እንዴት ከግንዱ ጋር አንድ እንደሚሆን ያሳያታል።
ለእኛ ይህ ከሩቅ የሚታይ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በማደጎ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ሐና ዊልያምስ የተባለችው ኢትዮጵያዊት ታዳጊ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሳዳጊዎቿ ቤት ከሞተችና አሳዳጊዎቿ ከተፈረደባቸው በኋላ ጉዳዩ ሀገር አስቆጣ፤ በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ሀገር ዜጎች የሚሰጥን ማደጎ ከለከለ። በእኛ ሰፈርም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ልጅ ሸኝቶ ደብዳቤ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። አድገው እናታቸውን ፍለጋ የሚመለሱም አሉ።
ይጠይቁ፦ አብሮዎት የሚያየው ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው? ከሆነ የሚያሠጋዎት ሮቦቱ ሳይሆን ሚካ ናት። አስቀድመው ይንገሩት፤ ድንገት አያጋፍጡት።

• ሐዘን ከተቀመጠ ሰው ጋር ሊያዩት ነው?
«ያጽናናታል» ብለው ለጎረቤት ወይም ለእህትዎ ሊወስዱላት ካሰቡ፣ እባክዎ እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ።
መጀመሪያ የት ደረጃ ላይ ናት? ድንኳኑ ሳይነሣ፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ሳይመለስ፣ የምን ፊልም? ሰልስቱ ካለፈ፣ አርባው ከወጣ በኋላም ቢሆን ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። አንዳንዷ ሰው ሲበተን ነው የሚብስባት፤ ንፍሮው ቀርቶ፣ የሚመጣ ጠያቂ ጠፍቶ፣ ቤቱ ጭር ሲል። ይህ ፊልም የሚናገረው ስለዚያ ጭርታ ነው። በጄክ ቤት ድንኳን የለም፤ የሚያስለቅስ የለም፤ ቁጭ ብሎ የሚያድር ዘመድ የለም። እያንዳንዱ በየክፍሉ ለብቻው ያዝናል። እዚህ ያዩት ብዙ ሰዎች «ሰው የሞተ አይመስልም፣ አያለቅሱም እንዴ?» ያሉት ለዚህ ነው። ትዝብታቸው ጥሩ ነው፤ ፊልሙ ግን ሆን ብሎ እንደዚያ ነው። (የእድራችን ዳኛ ቢያዩት መጀመሪያ የሚጠይቁት «ያንግ በመዝገብ ላይ አለ ወይ?» ነው፤ ከዚያም ክርክሩ እስከ ምሽት ይቀጥላል።)
ሁለተኛ፣ የእምነት ጉዳይ አለ። ካይራና ያንግ ቢራቢሮ እያዩ ከሞት በኋላ ምን አለ ብለው ይነጋገራሉ። ያንግ ከመጨረሻው በኋላ ምንም ባይኖር እንደማይከፋው ይናገራል። በትንሣኤ ተስፋ ራሷን ይዛ ለቆየች እናት ይህ ንግግር የሚያጽናና ላይሆን ይችላል፤ ያላስጠነቀቀ ሰው ደግሞ የሚወቀሰው በኋላ ነው።
ይጠንቀቁ፦ «አስለቃሽ ነው» የሚለው ወሬ ለሻጭ ማስታወቂያ ነው። ለሐዘንተኛ ግን መጠየቅ ያለበት፣ ካለቀሰች በኋላ ማን አብሯት ይቀመጣል የሚለው ነው። መልሱ «ማንም» ከሆነ ይተዉት።

• ልጆች አሉ?
ጸያፍ ትዕይንት ወይም ደም የለውም፤ አሜሪካኖቹም ወላጅ አብሮ ቢያየው የሚል ደረጃ ነው የሰጡት። ልጅ ግን ይሰለቻል፤ ካልተሰለቸ ደግሞ «ለምን አይጠገንም?» ብሎ ያስጨንቅዎታል። ሮቦትና ሐዘን ለልጅ የሚፈልጉ ከሆነ «ቢግ ሂሮ 6» (እ.ኤ.አ. 2014) ይሻላል፤ እዚያ ወንድሙ የሞተበት ልጅ ወንድሙ የሠራውን ሮቦት ይዞ ይቀራል፣ ሳቅም አለው።

• ሰውየው ስለ ሌላ ፊልም እያወራ ቢሆንስ?
ይህ በጣም የተለመደ ነው። «እናቱ የተወችው ሮቦት ልጅ» ካለዎት የስፒልበርግ «ኤ.አይ.» (እ.ኤ.አ. 2001) ነው፤ 146 ደቂቃ ነውና ማታ አይጀምሩት። መጨረሻውን «ስፒልበርግ አለሳልሶ አበላሸው» የሚሉ ተመልካቾች እስከ ዛሬ አሉ፤ ያ መጨረሻ ግን ፊልሙን ለዓመታት ሲያስበው ከነበረው ከስታንሊ ኩብሪክ ዕቅድ የመጣ ነው። «ባሏ ሞቶ በሮቦት የተካችው» ካሉዎት ደግሞ የ«ብላክ ሚረር» አንድ ክፍል ነው፣ «ቢ ራይት ባክ» (እ.ኤ.አ. 2013)። «ሚስቱን በሮቦት ሊመልስ የሚሠራው ኢንጂነር» ከሆነ «አርካይቭ» (እ.ኤ.አ. 2020) ነው፤ ስለዚህኛው ምንም አስተያየት ሳያነቡ ይዩት፣ የመጨረሻው ምስጢር በአንድ ቃል ይበላሻል።
እግረ መንገድዎን፣ «የእኛ ሰው ያለበት የዚህ ዓይነት ፊልም የለም» ለሚልዎት «ክረምብስ»ን (እ.ኤ.አ. 2015) ይጠቁሙት። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቱበት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ የሳይንስ ልብወለድ ነው። ሮቦትም ለቅሶም አይጠብቁበት።

• ከፊልሙ በኋላ «የእርስዎንም ሟች እናናግርልዎታለን» የሚል ቢመጣ?
ፊልሙን አይተው ልብዎ በተነካበት ሰዓት ይህን የሚሸጥ ሰው አይጠፋም፤ ፎቶ የሚያንቀሳቅስ፣ ድምፅ የሚቀዳ፣ «እናትዎ ስምዎን ጠርተው ይባርኩዎታል» የሚል። እዚህ ጋ ጠበቅ ይበሉ።
በቅድሚያ፣ ሲኒማውና እውነቱ የተራራቁ ናቸው። ሶፊያ የምትባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታለች፤ በሶፍትዌሯ ላይ የእኛው አይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት። ግን ስትመጣ የአካሏን ክፍሎች የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፍቶባት ነበር። ያንግን የሚመስል ነገር ገና የትም አይሸጥም።
የሚሸጠው ድምፅና ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጓደኛዋ በመኪና አደጋ የሞተባት ዩጂኒያ ኩይዳ እሱ የላካቸውን መልእክቶች ሰብስባ የሚያወራ ፕሮግራም ሠራች፤ በኋላ «ሬፕሊካ» የሚባለውን አገልግሎት መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያው አሠራሩን ሲቀይር ደንበኞች የለመዱት ወዳጅ ባንድ ሌሊት ሌላ ሰው ሆነብን ብለው አለቀሱ። ሁለተኛ ለቅሶ ይሉታል ይህ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ደግሞ አልተጻፈም። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 አንዲት እናት የሞተች ትንሽ ልጇን በመነጽር ውስጥ በምስል ስታገኛት ቴሌቪዥን አሳየ፤ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ «እፎይ አለች»፣ ግማሹ «ቁስሏን ነካኩት» አለ።
እንግዲህ እነዚህን ይጠይቁ፦ ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ? መክፈል ሲያቆሙ ድምፁ ምን ይሆናል? የሰጧቸው ቅጂ የት ይቀመጣል፣ ማን ይሰማዋል? ወንድም እህቶችዎ ፈቅደዋል? አማርኛውን አስቀድሞ ያሰማዎታል ወይስ ከከፈሉ በኋላ? እናትዎ የጎጃም ወይም የሸዋ ለዛ ከነበራቸው፣ ማሽኑ እንደ ዜና አንባቢ ሲናገር ደስ ይልዎታል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እ.ኤ.አ. በ2024 መውጣቱን ጠቅሰው ይጠይቁ፤ የሚደናገጥ ሻጭ ከሆነ መልስዎን አገኙ።
ይጠንቀቁ፦ በዋትስአፕ የተላከ የዘመድ ድምፅ ለእርስዎ ማስታወሻ ነው፣ ለአጭበርባሪ ደግሞ መሣሪያ ነው። «እኔ ነኝ፣ ብር ላክልኝ» በሚል የሟችም ሆነ የሕያው ድምፅ ሊጠራዎት ይችላል።

• ወጪው ስንት ነው?
ፊልሙ ርካሽ ነው፤ ኢንተርኔቱ ነው የሚበላዎት። በከፍተኛ ጥራት በቀጥታ ከታየ ኔትፍሊክስ ራሱ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይፈጃል ይላል፤ 96 ደቂቃ ሲሆን ደግሞ ያስሉት። ጥቅሉን የሚሸጥልዎ ይህን አያሰላልዎትም። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ከመንካትዎ በፊት መጠኑን ይዩ፣ አውቶማቲክ ማውረጃውንም ያጥፉ። አነስ ያለው ጥራት ይህን ፊልም ያን ያህል አይጎዳም የሚሉዎትን ግን አይስሙ፤ የፊልሙ ውበት ብርሃንና ጥላው ላይ ነውና፣ ከከፍተኛውና ከዝቅተኛው ጥራት መሐል ያለውን ይምረጡ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። መሐል ላይ ተቋርጦ በማግስቱ የሚቀጥል ፊልም አይደለም፤ ብዙዎቹ «አልገባኝም» ያሉት ሁለት ቀን ከፋፍለው ያዩት ናቸው።